ሽንኩርት የሚከተፍበት ላይብረሪ

ሩማይሲያ፣ ኩዌት
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ ለጋሼ ዘገዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከረሙ? ቤተሰቡስ፣ ከብቶቹስ፣ የትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የዚህ አገር ሙቀትም ጋብ ብሏል፤ ከቤት ስንወጣ አሁን የምንበስለው እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አሥራ ሁለት ቀን ሆነው። በንቀት እንዳይመስልዎ። እርስዎ «ድምፅ አትላኪብኝ፤ ድምፅ ወሬ ነው። በእጅሽ ጽፈሽ ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪ» ስላሉኝ ነው። ድምፅ ቢሆን ሳህን... ማለቴ መጽሐፍ እየደረደርኩም እልክልዎ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ላይ የተውኩት የእጅ ጽሕፈት በሃያ ዓመቱ ሲቀሰቀስ እንደዛገ በር ነው፤ ይጮሃል እንጂ አይከፈትም።

አዎ፣ ልጄ ሙንተሀ የነገረችዎ እውነት ነው። እዚህ ኩዌት በአንድ ትምህርት ቤት ዲጂታል ላይብረሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ስለ ሥራዬ ብዙ ማውራት አልወድም።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ሃያ ታብሌትና አንድ ነጭ ሳጥን ከግንቦት ጀምሮ በቁም ሳጥን ተቆልፎባቸው መቀመጣቸውን ሰምቼ አዘንኩ። ርእሰ መምህሩ አቶ አንዳርጌ «አንድ ቢሰበር ተጠያቂው አንተ ነህ» ማለታቸው ያስፈራል። ግን ጋሼ፣ የማይሰበር ታብሌት ማንም ያልነካው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከጣውላ አይለይም። ሳጥኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ ላሉኝ፣ ይሠራል። መጻሕፍቱ ሆዱ ውስጥ ናቸው፤ አጠገቡ ላሉት ታብሌቶች በአየር ያካፍላቸዋል። ሃይል መሙላትዎን ብቻ አይርሱ።

በመጀመሪያ ቁም ሳጥኑን ይክፈቱ። ሌላውን ኢንሻአላህ ቀስ ብለን።

ለሙንተሀ ሰላም በሉልኝ። ትምህርቷን እንዴት ይዛለች?

አክባሪዎ ተማሪዎ
ኑሪያ ሐሰን


ቀይ ዋርካ ትምህርት ቤት፣ ወሎ
ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑሪያ ሐሰን፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከሁሉ በፊት፣ «ሃይል» ብለሽ የጻፍሽው ስህተት ነው። «ኃይል» በሃሌታው ሀ አይደለም፣ በሐመሩም አይደለም፣ በብዙኃኑ ኀ ነው። ይህን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነግሬሻለሁ።

እንዳልሽኝ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። የላይብረሪውን ቁልፍ ሃያ ስድስት ዓመት ይዣለሁ፤ ያን ቀን ግን ገልብጬ ሰካሁት። አርባ ስምንቱን የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች በሳሙና አስታጥቤ አሰለፍኳቸው። አንዱን ታብሌት ከፍ አድርጌ «ይህ ታብሌት ይባላል» አልኳቸው። መልሼ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ይኸው ነበር። አንዱ ተማሪ «ምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቀኝ። «የሚቀጥለው ሳምንት ምዕራፍ ነው» አልኩት፤ አላውቅማ።

በሁለተኛው ሳምንት ስነካው ተናገረ። የሴት ድምፅ ነው፣ በእንግሊዝኛ። አንዳርጌ የወረዳ ሱፐርቫይዘር የመጣች መስሎት ከረባቱን እያሰረ ሮጦ ገባ። ቀጥሎ መሣሪያው የጣት አሻራዬን ጠየቀኝ። እኔም እንደ ደንቡ አውራ ጣቴን የማኅተም ቀለም ውስጥ ነክሬ አተምኩለት። አልተቀበለኝም። ቀለሙ ግን መስታወቱ ላይ ቀርቷል። በምን ይለቃል?

ሌላው ጥያቄዬ፦ ተማሪው አርባ ስምንት፣ ታብሌቱ ሃያ፣ ከሃያው አራቱ አልነሣ ብለዋል። እናንተ እዚያ ተማሪን እንዴት ነው የምታስቀምጡት? የምትሠሪበትን ክፍልም በዝርዝር ጻፊልኝ፤ በጥቁር ሰሌዳ ሥዬ ለመምህራኑ ላሳይ።

ሙንተሀ ደህና ናት። ከክፍሏ አንደኛ ናት። ሌላውን ወሬ በሌላ ጊዜ።

ዘገዬ


ሩማይሲያ
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዘገዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ኃይል፣ ኃይል፣ ኃይል። ሦስቴ ጻፍኩት።

የማኅተም ቀለሙን ለስላሳ ጨርቅ በጥቂት አልኮል አርጥበው፣ መጀመሪያ አጥፍተውት፣ ሳይጫኑ ይጥረጉት። ውኃ እንዳያፈሱበት። ስለ ጽዳት የፈለጉትን ይጠይቁኝ ጋሼ፤ በዚህ በኩል አልታማም።

አቀማመጡን ዳና የምትባል ባልደረባዬን ጠየቅኳት። በዕድሜ ከኔ ታንሳለች፤ በታብሌት ግን የሚስተካከላት የለም። ኩርፊያ ታበዛለች እንጂ ፀጉሯን ስሠራላት ሁሉን ትነግረኛለች። እሷ እንዳለችኝ አንዱን ታብሌት ለሦስት ይስጡ። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ አንዱ በደብተር ይጽፋል። እርስዎ ሲያጨበጭቡ ቦታ ይቀያየራሉ። አሥራ ስድስት ሲባዛ በሦስት አርባ ስምንት ነው፤ የሞቱት አራቱ ይረፉ።

አለቃዬ ማዳም ሳሚያ ትባላለች። የአራተኛ ክፍል ሴቶችን ሳይንስ ታስተምራለች። በጣት የሚነካ ትልቅ ሰሌዳ አላት፤ ልብ ሲመታ፣ ዘር ሲበቅል በላዩ ይታያል። እንዳይመስልዎ ጋሼ፣ እሷም ትፈራዋለች። ከእያንዳንዱ ትምህርት በፊት ማታ ትለማመዳለች፤ እኔ ተማሪ ሆኜ ፊቷ እቀመጣለሁ። ስለ እንቁራሪት የማላውቀው ነገር የለም።

ክፍሉን ለጠየቁኝ፦ ሰፊ ነው። ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ነው፣ በቀን ሁለቴ ይጸዳል። ትልቅ መስኮት አለው። መሐሉ ላይ ረጅም ጠረጴዛ አለ። በግራ በኩል ሁለት በር ያለው ማቀዝቀዣ አለ።

ሌላ ምን ልበል፤ ሙንተሀን ሳሙልኝ። «ሌላውን ወሬ በሌላ ጊዜ» ያሉት ምንድን ነው? እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ኑሪያ


ቀይ ዋርካ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑሪያ፣

እጅሽ ይባረክ! የባልደረባሽም የወይዘሮ ዳና እጅ ይባረክ! ሦስት ሦስቱ ሠራ።

ከመጣ ጀምሮ ድምፁን ሰምተነው የማናውቅ ሙሀጅር የሚባል ልጅ አለ። አንባቢ ሲሆን ተነሥቶ እንደ ሙአዚን አነበበ፤ አጨብጭቤ አጨብጭቤ አልለቅም አለ። ጽሑፉ ስለ ውኃ ዑደት ነበር። አሁን ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ኳሱን ትተው ላይብረሪው በር ላይ ይሰለፋሉ። የዘንድሮ ኳስ እንደ እኔ ጡረታ ሊወጣ ነው።

የክፍልሽን ሥዕል በሰሌዳ ሣልኩት። «ለመጽሐፍ ማቀዝቀዣ ምን ያደርጋል?» ብሎ አንዳርጌ ጠየቀ። በኩዌት ሙቀት መጻሕፍቱ እንዳይበላሹ መሆኑን አስረዳሁት። በጣም ተደነቀ።

አሁን የምሥራች። ወረዳው ስለ እኛ ሰምቷል። ታኅሣሥ 11 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ከየትምህርት ቤቱ አርባ መምህራን በአዳራሹ ይሰበሰባሉ። አንቺም በቪዲዮ ቀርበሽ ታሠለጥኛቸዋለሽ። «የዲጂታል ላይብረሪ ባለሙያ ኑሪያ ሐሰን፣ ከኩዌት» ተብሎ ባነር ታትሟል። ፊደሉ የአንድ ሰው ቁመት ነው። ስለዚህ እምቢ ማለት አይቻልም። የሥራ ልብስሽን ለብሰሽ፣ ከኋላሽ መጻሕፍቱ እንዲታዩ አድርገሽ ተቀመጪ።

ስለ «ሌላው ወሬ» አትጨነቂ። የሚያስጨንቅ አይደለም። የኔ ጉዳይ ነው።

ዘገዬ


ሩማይሲያ
ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ ለጋሼ ዘገዬ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ቀድጄ ጽፌዋለሁ። ተቀምጠው ያንብቡት።

ጋሼ፣ እኔ የላይብረሪ ሠራተኛ አይደለሁም። የቤት ሠራተኛ ነኝ። ማዳም ሳሚያ የትምህርት ቤት አለቃዬ ሳትሆን የቤቱ እመቤት ናት። መምህርነቷ እውነት ነው፤ የምትለማመደው ግን በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። የገለጽኩልዎ ክፍል ወጥ ቤቱ ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ሥጋና ቲማቲም ነው። ዳና ልጇ ናት፤ ዕድሜዋ ዘጠኝ ነው። ወይዘሮ ያሏትን ነግሬያት ሦስት ቀን ሙሉ ራት ላይ «በማዕረጌ ካልጠራሽኝ አልበላም» አለችኝ።

እንዴት እንደተጀመረ ልንገርዎ። ስሄድ ሙንተሀ ስድስት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን በስልክ «እናትሽ ምን ትሠራለች ብለው ጠየቁኝ፣ ምን ልበል?» አለችኝ። ያን ጊዜ የማዳምን መጻሕፍት አቧራ እያራገፍኩ ነበር። «መጽሐፍ ያለበት ቤት ነው የምሠራው» አልኳት። ላይብረሪ ያለችው እሷ ናት። አላረምኳትም። በዓመቱ ዲጂታል ሆነ። ወላሂ ጋሼ፣ እኔ ሳልነካው ነው እንደ ሊጥ ኩፍ ያለው።

የባነሩን ነገር ስሰማ ጊዜ ያሰብኩት መናዘዝ አልነበረም፤ ማጭበርበር ነበር። ዓርብ ዕለት ጓደኛዬ ሐሲና ደስማ ከሚባለው ሠፈር መጣች፤ እሷም እንደኔ ሰው ቤት ነው ያለችው። አብረን ሚርቃብ ገበያ ወርደን የማያስፈልገኝን መነጽርና ባንገት የሚንጠለጠል መታወቂያ ገዛን። ሐሲና «አሁን ሚኒስትር መሰልሽ» አለችኝ። ቤት ስገባ የማዳም መደርደሪያ ፊት ቆሜ ዳና ፎቶ ስታነሣኝ ማዳም ከደረጃው ወረደች።

«ኑሪያ! ሽኑ ሃዳ? ምንድን ነው ይሄ?»

በዚያ ሳምንት ደግሞ ተኳርፈን ነበር። ማዳም ለተማሪዎቿ ተረት በድምፅዋ ቀድታ ወደ ትምህርት ቤቱ ዲጂታል መደርደሪያ ስትልክ፣ እኔ ከምድጃው «ማዳም፣ ደያዩ አረረ!» ብዬ የጮህኩት አብሮ ሄዷል። ደያይ ዶሮ ማለት ነው። ሳትሰማው ላከችው። አሁን የአራተኛ ክፍል ልጆች ተረት ባለቀ ቁጥር በአንድ ድምፅ «ደያዩ አረረ!» ይላሉ። ሙዲራዋ፣ ርእሰ መምህርቷ ማለት ነው፣ ቢሮ አስጠርታታለች። ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም።

መነጽሬን አውልቄ ሁሉንም ነገርኳት። የርስዎን ታብሌት፣ የማኅተም ቀለሙን፣ ባነሩን። ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ የተናገረችውን አልጽፍም፤ ገና አልተቆረጠም።

ባነሩን አውርዱት። ለወረዳው ታመመች በሉ፣ ሞተች አትበሉ። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ አደራ ለሙንተሀ እንዳይነግሩብኝ።

ያፈረችብዎ ተማሪዎ
ኑሪያ


ቀይ ዋርካ
ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑሪያ፣

«ሌላውን ወሬ» የምነግርሽ ጊዜ ደርሷል። ከነሐሴ ጀምሮ ዓይኔ ደክሟል። መነጽሬ ላይ ደግሞ ራሴ ተቀመጥኩበት። በትልልቁ መጻፍ እችላለሁ፣ እጄ ያውቀዋልና፤ ማንበብ ግን አልችልም። መምህር ማንበብ አቃተው እንዳይባል ደበቅኩ። ደብዳቤሽን የምታነብልኝ፣ የኔንም ፎቶ አንስታ የምትልክልሽ አንዲት ተማሪ ናት። ኃይልን ያረመችውም እሷ ናት፤ እኔ ክብሩን ወሰድኩ።

ተማሪዋ ሙንተሀ ናት።

የግቢው ዋርካ ሥር ተቀምጠን ታነብልኝ ነበር። ወጥ ቤቱንም፣ ሚርቃብንም፣ ዶሮውንም ድምፅዋ ሳይዛነፍ እንደ ዜና አነበበች። መጨረሻው ላይ ቆመች። ስልኩ የጠፋ መስሎኝ «ምነው? ቀጥይ» አልኳት።

«አደራ ለሙንተሀ እንዳይነግሩብኝ፣ ይላል» አለችኝ።

ደንግጬ «እንግዲያው አትንገሪያት» አልኳት።

ሳቀች። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ድሮ ነው ያወቅኩት። ስትደውልልኝ ከኋላዋ ሽንኩርት ይከተፋል። ላይብረሪ ውስጥ ሽንኩርት የሚከትፍ ማነው?» አለች። ከዚያ ወደ ዛፉ ዞራ ቆየች። ዓይኔ ስለማያይ ምን ታደርግ እንደነበር አላየሁም፤ ባይም አላየሁም እል ነበር።

ሦስት ቀን አልመጣችም። ሦስት ቀን መልስ ሳልጽፍልሽ ሰነበትኩ። ዛሬ መጣችና «ማወቄን ሳታውቅ ሰባት ዓመት ዋሸችኝ፤ እኔም እያወቅኩ ሰባት ዓመት ዋሸኋት። ማን ይበልጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። የሒሳብ መምህር አይደለሁም አልኳት።

ቅዳሜ ትቀርቢያለሽ። መነጽርም መታወቂያም አያስፈልግም። ስምሽንና ሥራሽን ተናግረሽ የምታውቂውን ታስተምሪያለሽ። ይህ የኔ ሳይሆን የሷ ትእዛዝ ነው። ባነሩም አይወርድም። ሦስት ሦስት አድርጓቸው ያልሽው ሠርቷል፤ ከሚሠራ ነገር በላይ ባለሙያነት እኔ አላውቅም።

ዘገዬ

ይህንንም ፎቶ የምታነሣው እሷ ናት። ቀጥ አድርጋ እንድትይዘው ነግሬያታለሁ።


ሩማይሲያ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘገዬ፣ ለሚያነብልዎም ሰው፣

ሙንተሀዬ፣ ከዚህ በኋላ ጋሼ ብዬ ስጽፍ አንቺንም ማለቴ ነው። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብዬ በወረቀት አልጨርሰውም፤ ዓርብ እደውላለሁ፣ ምንም ሳልከትፍ።

ማዳም ደረጃው ላይ ያለችኝን አሁን ልናገር። «ልጆቹ የደያዩን ሴትዮ ካላመጣሽ እያሉኝ ነው፤ ሙዲራዋን ላስፈቅድ» ነበር ያለችኝ። ተፈቀደ። ሰኞ ይዛኝ ሄደች። በሩ ላይ «ዛኢር»፣ እንግዳ ማለት ነው፣ የሚል እውነተኛ መታወቂያ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። የገዛሁት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አፍሮ ተቀመጠ።

ጋሼ፣ ላይብረሪው ውስጥ ማቀዝቀዣ የለም። አይቼ አረጋገጥኩ። ሠላሳ ልጆች፣ ዳናም መሐላቸው ሆና፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ጦጣ የሽምብራ ማሳ ዘበኛ ሆና እንደተቀጠረች በወጥ ቤት ዐረብኛዬ ተረኩላቸው፤ ማዳም ቀዳችው፣ ልጆቹ በታብሌታቸው የጦጣዋን ሥዕል ሠሩበት። «ሌባው ማነው?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጅ ጠቆሙ። አንዷ እጇን አውጥታ «መምህርት ነሽ?» አለችኝ። አፌ ሊያመልጠኝ ነበር። «የዳና ቤት ሠራተኛ ነኝ» አልኳት። «ዳና ታድላለች» አለች። ዳና እንደ ጣዎስ ተነፋች።

ቅዳሜ እቀርባለሁ። ስልኩን ማዳም ትይዝልኛለች። አማርኛ አትሰማም፣ ግን «ስህተት ብትሠሪ ከፊትሽ አውቃለሁ» ብላኛለች። አስተማሪ አይደለች?

ኑሪያ


ቀይ ዋርካ
ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑሪያ፣

ቅዳሜ እዚህ መብራት መጥፋቱን ሳታውቂ ሃያ ደቂቃ ብቻሽን እንዳስተማርሽ ከስልክሽ ስሰማ በጣም አዘንኩ። ማዳምሽ እስከ መጨረሻው ጭንቅላቷን እየነቀነቀች መስማቷ ግን ትልቅ ሰው መሆኗን ያሳያል።

በእኛ በኩል የሆነው ይኸውልሽ። ፊትሽ ግድግዳው ላይ ወጣ። «ኑሪያ ሐሰን እባላለሁ። ሩማይሲያ በሚባል ሠፈር የቤት ሠራተኛ ነኝ» አልሽ። አርባ ሰው ባነሩን አየ፣ አንቺን አየ፣ እርስ በርሱ ተያየ። «ታብሌት ከመንካታችሁ በፊት» ስትዪ መብራት ድርግም አለ። አዳራሹ መስኮቱ ትንሽ ነው፤ ጨለመ። የወረዳው ኃላፊ «ባለሙያዋ የት ሄደች?» አለ። አንዳርጌ «ቀጥሎ የሻይ ዕረፍት ነው» ብሎ ጮኸ፤ ሻይ አልነበረም።

ያን ጊዜ ሙንተሀ ተነሣች። ነጩ ሳጥን የራሱ ባትሪ አለው፤ በዋዜማው ኃይል ሞልታው ነበር። ታብሌቶቹን አበራች፤ ብርሃኑ ፊቷን ሲያበራው ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ታየኝ። «ታብሌት ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ» ብላ ካቆምሽበት ቀጠለች። ኃላፊው አልታጠብም አለ። አልሰጠችውም። ታጠበ።

አርባውን መምህራን ሦስት ሦስት አድርጋ አስቀመጠቻቸው። አንድ ተረፈ፤ እሱን እኔ ጋ አስቀምጣ አስነበበችልኝ። ባጨበጨበች ቁጥር ሽማግሌው ሁሉ ቦታ ይለዋወጥ ነበር። አንዳርጌ ስለ እንቁራሪት ሳንባ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ስታጨበጭብለት ሙሀጅርን አስናቀ፣ አልለቅም አለ። መብራት በሰባት ሰዓት ሲመጣ የጠፋ መሆኑን የረሳ ብዙ ነበር።

ስለ ሥራሽ የጠየቀ የለም። አንዲት የኮምቦልቻ መምህርት ብቻ «ቅድም ግድግዳው ላይ የታየችው የዚች ልጅ እናት ናት?» ብላ ጠየቀች። ናት ተባለች። «ታስታውቃለች» አለች።

ወረዳው መነጽር እንዲሠራልኝ ወደ ደሴ ጻፈልኝ። የቀረውን ገጽ ለሙንተሀ ትቻለሁ። ፊደሏን አላርምም።

ዘገዬ

እማ፣

ትንሽ ትንሽ አሁንም ተቀይሜሻለሁ። እስከ ዓርብ ያልቃል መሰለኝ።

ከሰኞ ጀምሮ ታብሌት ቤት መውሰድ ተፈቅዷል። ጋሼ ፎርም አዘጋጅተዋል። «የእናት ሥራ» በሚለው ላይ «የቤት ሠራተኛ፣ ሩማይሲያ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ «በተማሪዋ ላይ አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው» ይላል። አንቺ ሩቅ ስለሆንሽ ጋሼን ጻፍኩ።

ከሥሩ ደግሞ «በታብሌቱ ላይ ብልሽት ቢደርስ የሚጠራ ባለሙያ» ይላል። እሱ ላይ ያንቺን ስምና ስልክ ጻፍኩ። የክፍሌ ልጆችም አይተው አርባ ሰባቱም ያንቺን ስልክ ገልብጠዋል። ስለዚህ ስልክ ሲጠራ አንሺ።

ሙንተሀ